የስቴሪዮ ፎቶግራፍ መጠንና የመመልከቻው ሌንስ
ከመቱና ከኢሉባቦር ከተሞች ተዳፋት አንጻር የቀረበ ንግግር



ከመቱ ከተማ ወጥቶ ወደ ሶር ወንዝ ሸለቆ የሚወርድ መንገደኛ የተዳፋቱን ልክ የሚያውቀው በጉልበቱ ነው። መሐንዲስ ግን እግሩ ከመድረሱ አስቀድሞ መሬቱን በፎቶግራፍ ያየዋል። መንገዱ በየትኛው ትከሻ ላይ እንደሚያልፍ፣ የውኃ ማጠራቀሚያው የት እንደሚቀመጥ፣ ከቡናው ጥላ ዛፎች የትኛው እንደሚነካና የትኛው እንደሚተርፍ የመጀመሪያው ሐሳብ የሚጠነሰሰው በጠረጴዛ ላይ ነው። በጠረጴዛ ላይ የተሠራው ስሕተት ደግሞ የሚከፈለው በመስክ ነው፤ ከፋዩም ብዙውን ጊዜ ፎቶግራፉን ያላየው ገበሬ ነው።

ነገሩን ግልጽ ለማድረግ አንድ ምሳሌ ይቅረብ። ሁለት ባልደረቦች ወደ ወንዝ ስለሚወርድ አንድ ተዳፋት ይከራከራሉ እንበል። አንደኛው የአየር ፎቶግራፍ ጥንድ በስቴሪዮስኮፕ እየተመለከተ፣ «ይህ ገደል ነው፤ መንገድ አይወጣበትም» ይላል። ሁለተኛው ከማዶ ቆሞ በእጅ ስልኩ ያነሣውን ጥንድ ፎቶግራፍ አትሞ በሌላ መመልከቻ ያየዋል፤ እርሱም፣ «ምን ገደል አለው? ለጥ ያለ ቁልቁለት ነው» ሲል ይመልሳል። የመለኪያ መሣሪያ ተወስዶ ተዳፋቱ ሲለካ 25 ዲግሪ ሆኖ ይገኛል። የመጀመሪያው 60 ዲግሪ የሚያህል አይቶ ነበር፤ ሁለተኛው ደግሞ 15 ዲግሪ። ሁለቱም ሰዎች ጤናማ ዓይን አላቸው፤ ሁለቱም መሣሪያዎች አልተበላሹም። ታዲያ መሬቱን በአንዱ ዘንድ ገደል፣ በሌላው ዘንድ ሜዳ መሰል ያደረገው ምንድን ነው? የዚህ ንግግር ዓላማ ለዚህ ጥያቄ መልስ መስጠት ነው።

ጥያቄው በኢሉባቦር የተለየ ክብደት አለው። መቱ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ፣ ጎሬ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ፤ ከዚያ ወደ ምዕራብ ሲወረድ ጋምቤላ 500 ሜትር ገደማ ላይ ትቀመጣለች። የሶር ወንዝ ወደ ገባ፣ ገባም ከብርብር ጋር ተገናኝቶ ባሮን እስኪፈጥር ድረስ አገሩ ጉብታና ሸለቆ የተፈራረቁበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ሥራ የጀመረው 5 ሜጋዋት የሚያመነጨው የሶር የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫም የተቻለው ይኸው የውኃ ቁልቁለት ስላለ ነው። በዚህ ላይ ደን ተጨምሯል። በመቱና በበደሌ መካከል የሚገኘው የያዩ የቡና ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ክልል ሆኖ ተመዝግቧል። እንዲህ ባለው አገር ተዳፋትን በ10 ዲግሪ መሳት ማለት ወይ የማያስፈልግ ቆረጣ መቁረጥ፣ ወይም በክረምት የሚናድ መሬት ላይ መንገድ መጣል ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ መሠረቱ እንመለስ ቢባል፣ ነገሩ የሚጀምረው ከሁለቱ ዓይኖች ነው። የሰው ዓይኖች በአማካይ 65 ሚሊሜትር ያህል ተራርቀው ስለሚገኙ እያንዳንዱ ዓይን የሚያየው ሥዕል ከሌላው በጥቂቱ ይለያል፤ አእምሮም ከልዩነቱ ጥልቀትን ይገነባል። እንግሊዛዊው ቻርልስ ዊትስቶን ይህንን በመስተዋት መሣሪያ ያስረዳው እ.ኤ.አ. በ1838 ነው። ስኮትላንዳዊው ዴቪድ ብሩስተር እ.ኤ.አ. በ1849 በሌንስ የሚሠራውን መመልከቻ አስተዋወቀ፤ አሜሪካዊው ሐኪም ኦሊቨር ዌንደል ሆምዝ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1861 በእጅ የሚያዘውን ቀላል መመልከቻ ሠራ። መሣሪያው ለመዝናኛ ተወዳጅ ሆነ፤ በኋላም የካርታ ሥራ ዋነኛ ዓይን ለመሆን በቃ። የአገራችን የ1 ለ50,000 ካርታዎች የከፍታ መስመሮች የተነበቡት ከእንዲህ ያሉ የአየር ፎቶግራፍ ጥንዶች ነው።

ዓይን የሚያነበው ርዝመትን ሳይሆን ማዕዘንን ነው። ካሜራው በመስክ ላይ ቆሞ አንድን ዛፍና አንድን ቤት በ20 ዲግሪ ተራርቀው ካያቸው፣ ተመልካቹም በመሣሪያው ውስጥ በዚያው በ20 ዲግሪ ተራርቀው ሊያያቸው ይገባል። ይህ ከሆነ መሬቱ ቅርጹን ሳይለቅ ይታያል። ካልሆነ ግን ጥልቀቱ ወይ ይሳባል፣ ወይ ይጨፈለቃል። በመስኩ ላይ ማዕዘኑን የሚወስነው የካሜራው የትኩረት ርቀት ነው፤ በጠረጴዛው ላይ ደግሞ የመመልከቻው ሌንስ የትኩረት ርቀት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው አስታራቂ የፎቶግራፉ ኅትመት መጠን ነው። ሕጉም አጭር ነው፤ ኅትመቱ ከፊልሙ የሚያድግበት መጠን የመመልከቻው የትኩረት ርቀት ለካሜራው የትኩረት ርቀት ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው።

በቁጥር ሲታይ እንዲህ ይሆናል። የካሜራው ሌንስ 50 ሚሊሜትር፣ ፊልሙም 24 በ36 ሚሊሜትር ይሁን። መመልከቻው ደግሞ የትኩረት ርቀቱ 100 ሚሊሜትር የሆነ፣ 2.5 ጊዜ ያጎላል የሚባለው የኪስ ስቴሪዮስኮፕ ይሁን። 100 ለ50 ሲካፈል 2 ስለሆነ ኅትመቱ 48 በ72 ሚሊሜትር ይሆናል ማለት ነው። እዚህ ላይ አንድ የሥራ ምክር አብሮ ይገኛል። በቀላል መመልከቻ ሁለቱ ኅትመቶች ጎን ለጎን ስለሚቀመጡ፣ ማእከሎቻቸውም ከሁለቱ ዓይኖች ርቀት መብለጥ ስለሌለባቸው፣ እያንዳንዱ ኅትመት ከ65 ሚሊሜትር በላይ ሊሰፋ አይችልም። ካሜራውን አጋድሞ ያነሣ ሰው 72 ሚሊሜትር ስፋት ይዞ ይቸገራል፤ አቁሞ ያነሣ ግን ስፋቱ 48፣ ቁመቱ 72 ሆኖ ያለ ችግር ይገባለታል።

የመመልከቻውን የትኩረት ርቀት የማያውቅ ባልደረባ በአምስት ደቂቃ ሊለካው ይችላል። ሌንሱን በመስኮት ትይዩ ይዞ፣ የማዶው ጉብታ ወይም የሩቁ ዛፍ በነጭ ግድግዳ ላይ ጥርት ብሎ ተገልብጦ እስኪታይ ድረስ ማቅረብና ማራቅ ነው። ምስሉ በጠራ ጊዜ ከሌንሱ እስከ ግድግዳው ያለው ርቀት በማስመሪያ ይለካል፤ የትኩረት ርቀቱ እርሱ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ባልደረባ፣ ይኸውም ተዳፋቱን ለጥ ያለ ነው ወዳለው እንሻገር። የዘመኑ የእጅ ስልክ ሰፊ አገር በአንድ ጊዜ ያያል። የስፋቱ ማዕዘን 60 ዲግሪ ነው ቢባል፣ በ100 ሚሊሜትር መመልከቻ በትክክል እንዲታይ ኅትመቱ 115 ሚሊሜትር መስፋት ነበረበት። ነገር ግን ቦታው 65 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ባልደረባው ምን አደረገ? አሳንሶ አተመው። ሥዕሉ ሙሉ ሆኖ ገባ፤ ዳር እስከ ዳር አንድም ዛፍ አልጎደለም። ማዕዘኖቹ ግን ሁሉ ጠበቡ፤ ጥልቀቱም ወደ 1.8 ጊዜ ያህል ተሳበ። ከማዶ ቆሞ ለሚያይ ሰው ጥልቀት ማለት አግድም ርቀት ነው። ከፍታው ባለበት ሳለ አግድም ርቀቱ በ1.8 ሲረዝም ተዳፋቱ ይተኛል። 25 ዲግሪ የነበረው ወደ 15 ዲግሪ የወረደው በዚህ ምክንያት ነው።

መፍትሔው አሳንሶ ማተም ሳይሆን ቆርጦ ማስቀረት ነው። ሥዕሉ 115 ሚሊሜትር እንዲሰፋ ሆኖ ይታተማል፤ ከዚያም መሐሉ 65 ሚሊሜትር ብቻ ይቆረጣል። የሚታየው አገር ወደ 36 ዲግሪ ይጠባል፤ የሚታየው ግን እውነተኛው ነው። ዳሩን ማጣት የማይፈልግ ሰው ሌላ ጥንድ ማንሣት ይችላል። ብዙ አገር በሐሰት ከማየት ጥቂቱን በእውነት ማየት ይሻላልና።

በተቃራኒውም ስሕተት አለ። ሩቁን በሚያቀርብ 200 ሚሊሜትር ሌንስ የተነሣ ፎቶግራፍ እንደ ፊተኛው 48 በ72 ሆኖ ቢታተምና በዚያው በ100 ሚሊሜትር መመልከቻ ቢታይ፣ ጥልቀቱ ወደ አራተኛው እጅ ይጨፈለቃል፤ ለጥ ያለው ሜዳም እንደ ግድግዳ ይቆማል። ለእንዲህ ያለው ሌንስ ትክክለኛው ኅትመት ከፊልሙ እንኳ ያነሰ፣ 12 በ18 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ይህም የማይሠራ ስለሆነ ተዳፋት ለማሳየት ሩቅ አቅራቢ ሌንስ አለመጠቀም ይመረጣል።

ስለ ሁለቱ ማንሻ ቦታዎች ርቀትም አንድ ቃል ያስፈልጋል። በ65 ሚሊሜትር ልዩነት የተነሣ ጥንድ የሩቅ ሸለቆን ጥልቀት አያሳይም። በልምድ የሚሠራበት መጠን ለቅርቡ ነገር ካለው ርቀት ሠላሳኛው እጅ ነው። ቅርቡ ዛፍ 300 ሜትር ቢርቅ፣ አንሺው 10 ሜትር ወደ ጎን ተራምዶ ሁለተኛውን ያነሣል። 10 ሜትር ከ65 ሚሊሜትር 154 ጊዜ ያህል ስለሚበልጥ፣ ተመልካቹ ሸለቆውን በ154 እጅ ያነሰ ሞዴል አድርጎ፣ ሁለት ሜትር ያህል ከፊቱ ርቆ ያየዋል። የኅትመቱ መጠን ከተስተካከለ ይህ ሞዴል ያንሳል እንጂ አይጣመምም። ትንሽነትና ጥመት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው መዘንጋት የለበትም።

ወደ አየር ፎቶግራፉ ስንሻገር ነገሩ ይገለበጣል። ከአየር ለሚያይ ዓይን ጥልቀት ማለት ከፍታ ነው። ስለዚህ በመሬት ላይ ተዳፋቱን ያስተኛው መሳብ ከአየር ላይ ሲሆን ያቆመዋል። አንዱ ስሕተት፣ በሁለት አቅጣጫ፣ ሁለት ተቃራኒ ፍርድ ይሰጣል። የሁለቱ ባልደረቦች ክርክር ምንጩ ይኸው ነበር።

የተለመደው የፊልም የአየር ካሜራ የትኩረት ርቀት 152 ሚሊሜትር፣ ፎቶግራፉም 23 በ23 ሴንቲሜትር ነበር። በ1 ለ50,000 መጠን ለማንሣት አውሮፕላኑ ከመሬቱ በላይ 7,600 ሜትር ይበራል። ሁለቱ ፎቶግራፎች በ60 በመቶ ሲደራረቡ በሁለቱ ማንሻ ቦታዎች መካከል 4,600 ሜትር ይኖራል። ይህም የበረራው ከፍታ 0.6 እጅ ነው። ሞዴሉን ያለ ጥመት ለማየት ዓይኖች 11 ሴንቲሜትር ያህል ብቻ ርቆ ወደተቀመጠ ነገር እንደሚመለከቱ ሆነው መጠምዘዝ ነበረባቸው። ዓይን ይህንን አይችልም። ስለዚህ ተመልካቹ እይታው ትይዩ እስኪሆን ድረስ ፎቶግራፎቹን ያራርቃል፤ ሞዴሉም ይርቃል፤ ከፍታውም ወደ አራት ጊዜ ያህል ይጋነናል። 25 ዲግሪው 60 ዲግሪ ያለፈው በዚህ ነው።

እዚህ ላይ የኅትመቱን መጠን ማስተካከል ብቻውን አይበቃም። እርግጥ ነው፣ በ100 ሚሊሜትር የኪስ መመልከቻ ለማየት 23 ሴንቲሜትሩ ወደ 15 ሴንቲሜትር ቢያንስ ማዕዘኖቹ ይስማማሉ። በመስተዋት ስቴሪዮስኮፕ የሚያይ ሰው ደግሞ የመሣሪያው የእይታ ርቀት 300 ሚሊሜትር ያህል ስለሆነ ኅትመቱን ወደ 45 ሴንቲሜትር ማሳደግ በተገባው ነበር። በዚህ በኋለኛው ዓይነት ከመጋነኑ የተወሰነው ክፍል ይቀንሳል፤ በአውሮፕላኑ ማንሻ ቦታዎች ርቀት የመጣው ግን ይቀራል። ስለዚህ ደንቡ ሁለት ክፍል አለው፤ የመሬት ጥንድን በኅትመት መጠን አስተካክሎ ማመን ይቻላል፤ የአየር ጥንድን ግን በዓይን አይቶ መፍረድ አይገባም፣ መለካት ያስፈልጋል።

ይህ በኢሉባቦር ደን ላይ ምን እንደሚያመጣ መመልከት ይበጃል። ከአየር የሚታየው የቀረሮውና የዋንዛው አናት እንጂ አፈሩ አይደለም። ቡናው ከሥር ነው፤ ጎጆውም አንዳንዴ ከሥር ነው። ቁመቱ 30 ሜትር የሆነ ዛፍ ከላይ በተጠቀሰው ፎቶግራፍ ላይ የሚሰጠው የቦታ ልዩነት 0.36 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ ሆኖም አራት ጊዜ ሲጋነን 120 ሜትር የሚያህል ሆኖ ይታያል። ደኑ ተመንጥሮ የእርሻ ማሳ በሚጀምርበት ዳር ላይ ልምድ የሌለው ተመልካች የድንጋይ ገደል ያየ ይመስለዋል። ያየው ግን የዛፍ ግድግዳ ነው። በዚህ የተነሣ የመንገዱ መስመር «ገደሉን» ለመሸሽ ወደ ገበሬው ማሳ ቢዞር፣ ገደል በሌለበት ቦታ አንድ ቤተሰብ ቡናውን ያጣል ማለት ነው።

ከጊዜው ጋር የመጣ ሌላ ወጥመድም አለ። ዱሮ የአየር ፎቶግራፍ የሚታጠበው ከፊልሙ ጋር አንድ ለአንድ ሆኖ ስለነበር መጠኑ በራሱ የተጠበቀ ነበር። ዛሬ ፎቶግራፉ በኮምፒዩተር ተገልብጦ በማንኛውም ቢሮ ይታተማል። የማተሚያ መሣሪያው ወረቀት ግን 21 ሴንቲሜትር ብቻ ስለሚሰፋ፣ ኮምፒዩተሩ ሳይጠየቅ ሥዕሉን ወደ 20 ሴንቲሜትር አሳንሶ ያስገባዋል። በዚያች ቅጽበት የፎቶግራፉ የትኩረት ርቀት 152 መሆኑ ቀርቶ 132 ሚሊሜትር ያህል ይሆናል፤ መጠኑም 1 ለ50,000 መሆኑ ቀርቶ 1 ለ57,500 ይሆናል። በዳሩ ላይ የተጻፈው ቁጥር ግን እንደ ነበረ ይኖራል። በዚያ ቁጥር ተማምኖ ርቀት የሚለካ ሰው የመሬቱን አንድ ኪሎ ሜትር 870 ሜትር አድርጎ ይመዘግባል። ይባስ ብሎም ከጥንዱ አንዱ 100 በመቶ፣ ሌላው 97 በመቶ ሆኖ ቢታተም፣ ከማእከሉ 10 ሴንቲሜትር በራቀ ቦታ ላይ የ3 ሚሊሜትር አለመገጣጠም ይፈጠራል፤ ዓይንም ሁለቱን አንድ ማድረግ አቅቶት ይታመማል። ብዙ ወጣት ባለሙያ፣ «እኔ በስቴሪዮስኮፕ ማየት አልችልም» ብሎ መሣሪያውን የሚተወው ጥፋቱ የኅትመቱ ሆኖ ሳለ ነው።

ስለዚህ አራት ነገሮች በእያንዳንዱ ጥንድ ጀርባ ላይ እንዲጻፉ ይመከራል። አንደኛ፣ የካሜራው የትኩረት ርቀት ወይም የእይታው ማዕዘን። ሁለተኛ፣ ኅትመቱ ከፊልሙ ያደገበት ወይም ያነሰበት መጠን፤ ይህም በአየር ፎቶግራፍ ጠርዝ ላይ ባሉት የማመሳከሪያ ምልክቶች መካከል ያለውን ርቀት በማስመሪያ ለክቶ የሚረጋገጥ ነው። ሦስተኛ፣ ጥንዱ የሚታይበት መመልከቻ የትኩረት ርቀት። አራተኛ፣ በሁለቱ ማንሻ ቦታዎች መካከል ያለው ርቀት። እነዚህ አራት ቁጥሮች ያሉት ጥንድ ከሃያ ዓመት በኋላም ምስክር ሊሆን ይችላል፤ የሌሉት ግን ሥዕል ብቻ ነው።

ከቁጥሮቹም ሌላ አንድ ፈተና አለ። በመስኩ ላይ ተዳፋቱ አስቀድሞ በመሣሪያ የተለካ አንድ ቦታ በሥዕሉ ውስጥ ይግባ፤ ለምሳሌ የትምህርት ቤት ደረጃ ወይም የድልድይ ግንብ። በመመልከቻው ውስጥ ደረጃው እንደ ደረጃ ከታየ የቀረውም ይታመናል፤ እንደ መሰላል ከቆመ ወይም እንደ ምንጣፍ ከተነጠፈ ኅትመቱ ወደ ማተሚያው ይመለስ።

የጉዳዩ መጨረሻ ሰው ነው። ዛሬ የመንገድ ወይም የውኃ ፕላን ሲዘጋጅ የአካባቢው ሕዝብ ይጠየቃል። የከፍታ መስመር ያለበት ካርታ ለገበሬው ብዙም አይናገርም፤ የስቴሪዮ ጥንድ ግን መሬቱን በዓይኑ ፊት ያቆምለታል። ኅትመቱ በልኩ ከሆነ አንድ ሽማግሌ በመመልከቻው ውስጥ አጎንብሰው አይተው፣ «ይህች የኔ ቡና ናት፤ እዚህ ጋ በክረምት ውኃ ይሰርጋል፤ መንገዱን ከላይ አድርጉት» ሊሉ ይችላሉ። ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ከብዙ ቀን ቅየሳ ይልቅ ሊጠቅም ይችላል። ኅትመቱ ከልኩ ከወጣ ግን እኚሁ ሽማግሌ ዕድሜ ልካቸውን የወጡበትን ዳገት አያውቁትም። አለማወቃቸውንም ባለሙያው በእርሳቸው አለመማር ያመካኝ ይሆናል። ዳገቱን አሳስቶ ያቀረበላቸው ግን የማተሚያው መጠንና የሌንሱ ርቀት አለመስማማት ነው።

ስለሆነም የኅትመት መጠን ጉዳይ ለፎቶግራፍ አጣቢ ወይም ለማተሚያ ሠራተኛ ብቻ የሚተው አይደለም፤ የመሐንዲሱ ኃላፊነት ነው። መሣሪያው ማስመሪያና አንድ ማካፈል ብቻ ነው። የመቱና የጎሬ፣ የያዩና የበደሌ ተዳፋት በጠረጴዛ ላይ በልኩ እንዲታይ፣ ከዚያም በመስክ ላይ በልኩ እንዲሠራበት የሚጠየቀው ድካም ይህን ያህል ብቻ ከሆነ፣ ድካሙን መሸሽ ለባለሙያ አይገባም።